የማርሚታ ሥራ ማስታወሻ፦ 84 ዴሲቤልን ፍለጋ

ቀን 1

ዛሬ ጠዋት ሞተሩን ሳስነሳ መኪናዋ ትራክተር ሆና አገኘኋት። ጎንበስ ብዬ ሳይ የኋላው ማርሚታ፣ የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው ዕቃ፣ ሆዱ ተበስቷል። ዝገቱን በጣቴ ነካ ሳደርገው እንደ ደረቅ ቅጠል ተፈረፈረ። ቀዳዳው አውራ ጣት ያስገባል።

ማርሚታን የሚበላው ከውጭ ያለው ጭቃ ብቻ አይደለም። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ገደማ ውሃ ይወጣዋል። ረጅም መንገድ ከተነዳ ቱቦው ይግልና ውሃው ተንኖ ይሄዳል። አጭር ጉዞ ከሆነ ግን ማርሚታው ሆድ ውስጥ ተጠራቅሞ ይተኛል። የኔ መኪና ኑሮዋ አጭር ጉዞ ነው። ቶሎ መሞቱ አልገረመኝም።

መቀየሩ ካልቀረ ታዲያ ለምን ወፈር ያለ፣ ጆሮ ደስ የሚያሰኝ ድምፅ አይኖረውም አልኩ። ጣጣው እዚህ ጋ ጀመረ። ለራሴ ሁለት ነገር ቃል ገባሁ። ካታሊስቱ፣ የጭሱን መርዝ የሚያጣራው ክፍል፣ አይነካም። ከመኪናዋ ሰነድ ላይ ካለው ቁጥርም አላልፍም። ቁጥሩ 84 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) በ3750 ዙር ነው፤ ዙር ማለት ሞተሩ በደቂቃ የሚዞረው። በአውሮፓ ዓይነት ሰነድ ላይ «ዩ.1» የሚለው ሳጥን ቆሞ የሚለካውን ድምፅ ይነግራል። «ዩ.2» ደግሞ ልኬቱ በስንት ዙር እንደተወሰደ።

ቀን 2

ቀኑን ሙሉ ሕግ ሳነብ ዋልኩ። እጄ ቅባት ሳይነካ ደከመኝ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ቦታ ላይ ነው። ሁለት ዓይነት ልኬት አለ። አንደኛው መኪናው እየተነዳ፣ ማይኩ ከመንገዱ መሐል 7.5 ሜትር ርቆ የሚለካ ነው። ፋብሪካው አዲስ ሞዴል ሲያስፈቅድ የሚፈተነው በዚህ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለተራ የቤት መኪና አዲስ ሞዴሎች ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 72፣ ከ2020 ጀምሮ 70፣ ከ2024 ጀምሮ 68 ዴሲቤል ብሎ ደረጃ በደረጃ ያወረደው ይህንን ነው። ሁለተኛው መኪናው ቆሞ፣ ማይኩ ከጭስ ማውጫው ጫፍ ግማሽ ሜትር ላይ ሆኖ የሚለካው ነው። መንገድ ላይም ሆነ ምርመራ ጣቢያ ውስጥ ለማጣራት የሚመቸው ይኸኛው ነው።

እና አንዱ «ሕጉ 68 ነው» ሲል ሌላው «የለም፣ 95 ነው» ይላል፤ ሁለቱም ከየራሳቸው ልኬት እያወሩ ይጨቃጨቃሉ። 95 የካሊፎርኒያ ቁጥር ነው። ከ6000 ፓውንድ፣ ማለትም 2.7 ቶን ገደማ በታች ለሆነ መኪና፣ ቆሞ በግማሽ ሜትር ሲለካ። ርቀት እጥፍ በሆነ ቁጥር ድምፅ 6 ዴሲቤል ይወርዳል። ከግማሽ ሜትር ወደ 7.5 ሜትር ሲኬድ 23 ዴሲቤል ገደማ ይጠፋል። 95 የነበረው እዚያ ሲደርስ 71 ወይም 72 ነው። የሰማይና የምድር የሚመስሉት ቁጥሮች ጎረቤታሞች ናቸው።

ደግሞ ሕጉ ቁጥር ብቻ አይደለም። ለምሳሌ የብሪታንያ ደንብ ማርሚታን ድምፅ እንዲጨምር አድርጎ መቀየርን ራሱን ይከለክላል። እዚያ «ከ95 በታች ነኝ» ማለት አያድንም። ሌላ ቦታ ደግሞ የሚገጠመው ማርሚታ ራሱ የማረጋገጫ ምልክት፣ ክብ ውስጥ ያለች «ኢ» ፊደል፣ ሊኖረው ይገባል። እኔ በጣም ጥብቁን መረጥኩ። ፋብሪካው ከጻፈው አላልፍም።

ቀን 3

ልኬት። መጀመሪያ በስልክ ሞከርኩ። አንዱ አፕ 88፣ ሌላው 97 አለኝ። የስልክ ማይክ የተሠራው ለሰው ድምፅ ነው። ጩኸት ሲበዛበት በራሱ ይቀንሳል፤ ወፍራም ድምፅም በደንብ አይሰማም። ከሥራ ባልደረባዬ እውነተኛ የድምፅ መለኪያ ተዋስኩ፤ ከነማስተካከያው። ማስተካከያው ማይኩ ላይ ይገጠምና 94 ዴሲቤል በ1000 ሄርዝ (በሴኮንድ 1000 ንዝረት) ያጮኻል። መለኪያው 94 ካላነበበ ይስተካከላል።

አለካኩ እንዲህ ነው። ማይኩ ከቱቦው ጫፍ 50 ሴንቲሜትር፣ ጭሱ ከሚወጣበት አቅጣጫ 45 ዲግሪ ወደ ጎን፣ በጫፉ ቁመት ልክ። ከመሬት ግን ከ20 ሴንቲሜትር አይወርድም። መለኪያው «ኤ» በሚባለው ማጣሪያ ላይ። ሞተሩ በደንብ ሞቆ፣ በ3750 ዙር ቀጥ ብሎ ይያዝና ነዳጅ መስጫው በአንዴ ይለቀቃል። ሲወርድ የሚያሰማው ጩኸትም ይቆጠራል። ትልቁ ቁጥር ይወሰዳል። ሦስት ተከታታይ ንባብ በ2 ዴሲቤል ውስጥ እስኪገናኙ ይደገማል።

ያችን የመልቀቂያ ቅጽበት አትናቁ። ዙሩን ስይዝ 94 የነበረው ስለቀው 96 ገባ። ያ «ጧ ጧ» የሚለው፣ ስንቱ ሰው ሆን ብሎ የሚያስገጥመው ነገር፣ ቁጥሩን የሚሰቅለው እሱ ነው።

96። ሰነዱ 84 ይላል። ደነገጥኩ።

ቀን 4

ትናንት የለካሁት ግቢ ውስጥ፣ በሁለት ግንብ መሐል ነበር። ማታ ደንቡን ደግሜ ሳነብ ከመኪናውና ከማይኩ በ3 ሜትር ውስጥ ድምፅ የሚመልስ ነገር መኖር የለበትም ይላል። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። ዛሬ ገላጣ አስፋልት ላይ ወጣሁ። 93። ግንቡ ብቻውን 3 ዴሲቤል አበድሮኝ ነበር።

መነሻዬ 93 ነው፤ በተቀደደ ማርሚታ።

ቀን 6

ማውለቅ። መኪናዋን በክሪክ አንስቼ ከሥር የብረት መቆሚያ አስገባሁ። በክሪክ ብቻ ከቆመ መኪና ሥር አንገቴን አላስገባም። ቡሎኖቹ ከዳዶዎቹ ጋር ተጋብተዋል። ዘይት ነፍቼ አሳደርኳቸው፤ አልሰሙም። በእሳት ካጋልኳቸው በኋላ ሁለቱ ወጡ። ሦስተኛው ተሰበረ። አራተኛውን በግራይንደር ቆረጥኩት። መስቀያ ላስቲኮቹ በሳሙና ውሃ ወጡ።

አሮጌውን ማርሚታ ለሁለት ሰንጥቄ አየሁት። ውስጡ ሦስት ክፍል ነው። ጭሱ በአንዱ ቱቦ ይገባል፣ ይዞራል፣ በሌላው ይመለሳል፣ እንደገና ይዞርና ይወጣል። ድምፁ ግድግዳ እየመታ ከራሱ ጋር ይጋጭና ይጠፋፋል። እንዲህ ያለው ባለ ክፍል ማርሚታ ወፍራሙን ድምፅ ይይዛል። እኔ ያሰብኩት ሌላኛውን ዓይነት ነው፤ ቀጥተኛውን። እሱ መሐሉ ላይ ወንፊት የመሰለ ቱቦ አለው፤ ዙሪያው በመስታወት ወይም በባዛልት ሱፍ ይሞላል። ጭሱ ሳይዞር ያልፋል። ሱፉ ቀጭኑን ድምፅ ይመጥጣል፣ ወፍራሙን ይለቀዋል። ያ የምወደው ጉርምርምታ የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቀን 8

ብየዳ የሚያውቀው ጓደኛዬ መጣ። ቀጥተኛውን ማርሚታ ልንገጥም፣ ስፋቱ 51 ሚሊሜትር የነበረውንም ቱቦ በ57 ልንቀይር ነው። ለ2 ሊትር ሞተር ይበቃል።

«ወንድሜ፣ በጣም አታስፋው፤ ሞተር ትንሽ የኋላ ግፊት ይፈልጋል» አለኝ። ይህ ክርክር መቼም አያልቅም። ሞተር ግፊት አይፈልግም። የሚፈልገው ጭሱ በፍጥነት እንዲሄድለት ነው። የሚሮጥ ጭስ ከኋላው ያለውን ይስባል። ቱቦው ከልክ በላይ ሲሰፋ ጭሱ ይሰንፋል፣ ታችኛው ዙር ላይ ጉልበት ይጠፋል። ሰው ያንን አይቶ «ግፊት ጠፋ» ይላል። እሱ ምክንያቱን ሳተ እንጂ ምክሩ ልክ ነበር። 57 ላይ ቆምን።

ከብየዳ በፊት የባትሪውን ኔጌቲቭ ነቀልን። የብየዳውን ማሳ (የኤሌክትሪኩን መመለሻ ገመድ) የሚበየደው ቦታ አጠገብ አሰርን። የኦክስጅን ሴንሰሮቹ ካታሊስቱ ጋ ስለሆኑ አልነካናቸውም። ቱቦው አይዝጌ ብረት ነው። ጓደኛዬ ውስጡን በአርጎን ጋዝ ሳይሞላ አልበይድም አለ። ያለዚያ የብየዳው የውስጥ ጎን ይቃጠልና እንደ ስኳር ይቆራርጣል። አንድ ፋሼታ (የቱቦ ማሰሪያ ቀለበት) ዚንክ የተቀባ ነበር። እሱን ከእሳቱ አርቀን ወረወርነው። የዚንክ ጭስ አንድ ሌሊት ሙሉ ያንቀጠቅጣል፤ እሱ ያውቀዋል።

ቀን 9

አስነሳኋት። አቤት ድምፅ! ጓደኛዬና እኔ ተያይተን እንደ ልጅ ሳቅን። አንድ አምስት ጊዜ ነዳጅ ሰጠኋት፤ አንዱም ለልኬት አልነበረም።

ከዚያ መለኪያውን አወጣሁ። 92።

ከተቀደደው ማርሚታ በ1 ዴሲቤል ብቻ ተሻልን። ከ92 ወደ 84 መውረድ ማለት የድምፁን ጉልበት ከ6 እጥፍ በላይ መቀነስ ነው። ሳቁ ቆመ።

ቀን 10

ለማንኛውም ብዬ ረጅም መንገድ ነዳኋት። እስከ 3000 ዙር ገነት ናት። 3300 ላይ፣ መንገድ ላይ ዘና ብዬ የምነዳበት ፍጥነት ላይ፣ «ሁምምም» የሚል ነገር ካቢኔው ውስጥ ተተከለ። ድምፅ ነው ከማለት ግፊት ነው ማለት ይቀላል። ጆሮ ላይ ይቀመጣል። ከ40 ደቂቃ በኋላ ራሴን አመመኝ።

መለኪያውን ከጎኔ አድርጌ ነበር። «ኤ» ላይ 74 ይላል። ያን ያህል አይደለም። ወደ «ሲ» ስቀይረው 93። ምስጢሩ እዚህ አለ። «ኤ» የሰውን ጆሮ መስሎ የተሠራ ማጣሪያ ነው፤ ወፍራም ድምፅን ይንቃል። በ100 ሄርዝ አካባቢ 19 ዴሲቤል ይቀንስለታል። «ሲ» ግን እንዳለ ይቆጥረዋል። ሕጉ የሚያየው «ኤ»ን ነው። ስለዚህ ሁለት ጠላት አለኝ፤ አንዱ ሕጉ የሚሰማው ቀጭኑ፣ ሌላው እኔን የሚያመኝ ወፍራሙ። አንድ መድኃኒት ሁለቱን አይፈውስም።

ቀን 12

መጀመሪያ ሕጉ የሚሰማውን። ከካታሊስቱ ኋላ፣ መሐል ላይ፣ 35 ሴንቲሜትር ርዝመት ያለው ባለ ሱፍ ረዞኔተር፣ ማለትም ተጨማሪ ትንሽ ማፈኛ፣ አስገባን። 87። አምስት ዴሲቤል በአንድ ከሰዓት። ሻካራው ጩኸት ሄደ፣ ድምፁ ጠራ። ሁምታው ግን ንቅንቅ አላለም።

ቀን 13

የሁምታው ሒሳብ ቀላል ነው። ባለ 4 ሲሊንደር ሞተር በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ያቃጥላል። 3300 ዙር በደቂቃ ማለት በሴኮንድ 110 ጊዜ ነው፤ 110 ሄርዝ። ስልኬ ላይ ባለው የድምፅ መተንተኛም ጫፉ 110 ላይ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ስልክ የድምፅ መጠን ላይ ይዋሻል እንጂ ፍሪኩዌንሲ ላይ ታማኝ ነው።

መድኃኒቱ ጫፉ የተደፈነ ቅርንጫፍ ቱቦ ነው። ከዋናው ቱቦ ጎን ይበየዳል። ጭስ አያልፍበትም። ድምፁ ይገባል፣ የተደፈነውን ጫፍ መትቶ ይመለሳል። ርዝመቱ የሞገዱ ሩብ ከሆነ ሲመለስ ተገልብጦ ይደርስና ዋናውን ድምፅ ይሰርዘዋል።

የድምፅ ፍጥነት 343 ሜትር በሴኮንድ። ለ110 ሲካፈል፣ ከዚያ ለ4፤ 78 ሴንቲሜትር። ቆርጠን በየድን።

ቀን 14

አልሠራም። ሁምታው 3300 ላይ እንዳለ አለ። የሚገርመው 3950 ዙር አካባቢ ካቢኔው ጸጥ ረጭ አለ፤ ማንም ባልጠየቀው ቦታ።

ስሕተቴ ገባኝ። 343 የክፍል ውስጥ አየር ፍጥነት ነው። ጋለ ባለ ጋዝ ውስጥ ድምፅ ይፈጥናል። 300 ዲግሪ ላይ 480 ሜትር በሴኮንድ ይደርሳል። በዚህ ሲሰላ ቅርንጫፉ 109 ሴንቲሜትር መሆን አለበት።

ቀን 15

አሁን ብልጥ ሆኛለሁ ብዬ ቅርንጫፉን በሁለት ተንሸራታች ቱቦ ሠራሁት፤ አንዱ በሌላው ውስጥ ገብቶ በፋሼታ ይታሰራል። በ109 አስሬ ነዳሁ። ጸጥታው አሁን 2850 ላይ ነው። አለፍኩት!

መንገድ ዳር ቆሜ አሰብኩ። ቅርንጫፉ ውስጥ ጭስ አይፈስም። የተኛ ጋዝ ነው፤ ከዋናው ቱቦ በጣም ይቀዘቅዛል። የዋናውን ቱቦ ሙቀት መውሰዴ ነው ያሳተኝ። ግምቱን ትቼ ሁለቱን ሙከራ አገናኘሁ። 3950 ዙር 132 ሄርዝ ገደማ ነው፤ በ0.78 ሲባዛ 103። 2850 ዙር 95 ሄርዝ ነው፤ በ1.09 ሲባዛ እንደገና 103 ገደማ። ቁጥሩ አይቀየርም። 103 ለ110 ሲካፈል 94 ሴንቲሜትር። ወደ ኋላ ሲሰላ ቅርንጫፉ ውስጥ ያለው ጋዝ 150 ዲግሪ አካባቢ ነው ማለት ነው።

ቱቦው እስኪበርድ ሳልጠብቅ እዚያው ፋሼታውን ፈትቼ አንሸራተትኩት። ጓንቴ ተቃጠለ። ጣቴ ተረፈ።

3300 ላይ ጸጥ አለ። «ሲ» ከ93 ወደ 81 ወረደ። ብቻዬን መኪና ውስጥ ጮህኩ።

ቀን 16

ቅርንጫፉን በ94 በይደን ዘጋነው። ከዚያ ከውጭ ለካሁ። 87። ምንም አልተቀየረም። መቀየርም አልነበረበትም፤ በ3750 ዙር የሚቃጠለው በ125 ሄርዝ ነው፣ ያንንም «ኤ» 16 ዴሲቤል ይቀንስለታል። ለሕጉ ሦስት ዴሲቤል ቀርቶኛል።

ቀን 18

ሦስት ቀላል መንገድ ቀረበልኝ። አንዱ የቱቦውን ጫፍ የሚያጠብ ተሰኪ ነው፤ ለምርመራ ሰክቶ ማታ መንቀል። እሱ ማታለል ነው። ሁለተኛው ጫፉን ወደ መሬት ማጠፍ። ካቢኔ ውስጥ ለውጥ ይሰማል፣ ማይኩ ግን ጫፉን ተከትሎ ይመጣል። ሦስተኛው የገጠምኩትን ቀጥተኛ ማርሚታ ትቶ ባለ ክፍል መግጠም።

ሦስተኛውን አደረግኩ። ልቤ እያዘነ። ከአሮጌው በትንሹ የሚበልጥ፣ ሁለት ክፍል ያለው፣ «ኢ» ምልክት የታተመበት። ሌላም ምክንያት ነበረኝ። ሱፍ ጊዜ ሲሄድ ይቃጠላል፣ ይበናል። ዛሬ 84 ልክ ላይ ያለ ባለ ሱፍ ማርሚታ ከዓመት በኋላ 84 አይሆንም። ባለ ክፍሉ ሱፍ ስለሌለው ብዙም አይለወጥም። ሱፍ የቀረኝ መሐለኛው ላይ ብቻ ነው።

ቀን 19

ለፍሳሽ ፍተሻ የአቧራ መምጠጫውን ገልብጠን በጭስ ማውጫው አየር ነፋንበት። መጋጠሚያዎቹን በሳሙና ውሃ ቀባን። የፊተኛው ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) አረፋ ሠራ። ጠበቅ ሲደረግ ቆመ። ይህን ፍተሻ መዝለል ሞኝነት ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም፤ ከወለሉ ሥር ካመለጠ የሚሄደው ወደ ካቢኔ ነው።

ማታ ስነዳ ከኋላ «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ጀመረ። ሲቀዘቅዝ ይጠፋል።

ቀን 20

ቀጭ ቀጩ ተገኘ። አይዝጌ ብረት ሲግል ይረዝማል፤ ሁለት ሜትሩ 300 ዲግሪ ላይ 1 ሴንቲሜትር ገደማ። እኛ ስንገጥም ቱቦው ቀዝቃዛ ነበር። ሲግል ጫፉ ፓራውርቱን ይነካል። የኋላውን መስቀያ ወደ ፊት 15 ሚሊሜትር ገፋነው።

ልኬት፣ ገላጣው ቦታ፣ ሞተሩ ሞቆ፦ 83.2፣ 82.9፣ 83.4።

ድምፁ እንደ ቀን 9 አይደለም። ያኔ የሳቅንበት ጉርምርምታ ግማሹ ሄዷል። ከፋብሪካው ግን ወፈር ይላል። 2000 ዙር አካባቢ፣ ነዳጅ ቀስ ብሎ ሲሰጣት፣ «እኔ አለሁ» የምትል ይመስለኛል። ጓደኛዬ «ያው ፋብሪካው ነው» አለ። እሱ ይበለው።

ቀን 64

1500 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ እንደገና ለካሁ። ሱፉ መጀመሪያ ላይ ተራግፎ እንደሆነ ማወቅ ፈልጌ ነበር። 83.6፣ 83.3፣ 83.8። ከግማሽ ዴሲቤል ያነሰ ጨምሯል። በሚቀጥለው ዓመት ረዞኔተሩን ከፍቼ ሱፉን አየዋለሁ፤ ለዚያም ብለን በብየዳ ሳይሆን በፋሼታ አስረነዋል።

ቀጥተኛው ማርሚታ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ጓደኛዬ ሁለት ጊዜ ጠየቀኝ። እሱ መኪና ላይ በስንት ዴሲቤል እንደሚወጣ እስክንለካ ድረስ አልሰጠውም አልኩት። ስለዚህ መለኪያውን ለባልደረባዬ ገና አልመለስኩም።